ወድቀው የተነሡት ተከላካይ፦ የአቶ ቃለአብ ሕሩይ ዜና ሕይወት

ክቡራን አባቶች ካህናት፣ ከቅርብም ከሩቅም ሐዘናችንን ልትካፈሉ የመጣችሁ ወገኖቻችን፣ ሕያዋንን የሚጠብቅ ሙታንንም የማይዘነጋ አምላክ ስሙ ከፍ ከፍ ይበል እያልን፣ ዛሬ በመካከላችን የተጋደሙትን የአቶ ቃለአብ ሕሩይን የሕይወት ታሪክ በቤተሰቡ ስም እናነብላችኋለን። ብዙዎቻችሁ እኚህን ሰው የምታውቋቸው በቴሌቪዥን መስኮት፣ ራስ ቁር ደፍተውና ፊታቸው በብረት ፍርግርግ ተከልሎ ስለ ሆነ፣ ቤተሰቡ ፊታቸውንም ሊያሳያችሁ ይወዳል። ጽሑፉ በእንዲህ ያለ ቦታ ከሚነበበው ትንሽ ይረዝማል፤ ለጆሮ የማይመቹ ቦታዎችም አሉትና እስከ ፍጻሜው ታግሣችሁ እንድትሰሙን እንለምናለን።

አቶ ቃለአብ ከአባታቸው ከአቶ ሕሩይ ነጋሽና ከእናታቸው ከወይዘሮ አፀደ ይገዙ፣ በዚህ ጽሑፍ ሁሉ በምንከተለው በፈረንጆች አቆጣጠር በ1984 ዓ.ም.፣ ወላጆቻቸው በስደት በነበሩባት በሱዳኗ ገዳሪፍ ከተማ ተወለዱ። ምጡ ከባድ ከመሆኑም በላይ ሕፃኑ ወደዚህ ዓለም ሲመጡ ድምፅ ሳያሰሙ ቆይተው፣ አዋላጇ ተስፋ ቆርጣ ፊቷን ስታዞር፣ ወይዘሮ አፀደ "መድኃኔዓለም፣ ድምፁን አሰማኝና ጥላ አገባልሃለሁ" ብለው ተሳሉ፤ አፋቸውን ሳይገጥሙም ልጃቸው አለቀሱ። በስደት አገር የወርቅ ዘቦ ጥላ ከየት ይመጣል? ስለቱ ሳይገባ እስከ አትላንታ ድረስ አብሯቸው ተሰደደ፤ የገባውም ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ይህን የምናነሣው እናትየው ከልጃቸው ጋር በስለት የተሳሰሩት ከመጀመሪያው እስትንፋስ ጀምሮ መሆኑን እንድታውቁልን ነው።

በአራት ዓመታቸው ከወላጆቻቸው ጋር ወደ አሜሪካ መጥተው በአትላንታ አጠገብ ባለችው በዲኬተር ኑሯቸውን መሠረቱ። አባታቸው በኮሌጅ ፓርክ የሆቴል እንግዶችን ከአውሮፕላን ማረፊያው የሚያመላልስ አውቶቡስ እየነዱ፣ እናታቸው በአረጋውያን መጦሪያ ልብስ እያጠቡ፣ አንዱ ሲገባ ሌላው እየወጣ አሳደጓቸው። ለረጅም ጊዜ ብቸኛ ልጅ ሆነው ከቆዩ በኋላ፣ አሥራ ሦስት ዓመት ሲሆናቸው ታናሽ ወንድማቸው ናሆም ተወለዱላቸው። ተወለዱላቸው ያልነው በምክንያት ነው፤ ወላጆች ሥራ ላይ ሲውሉ ሕፃኑን ያበሉ፣ ያጠቡና በትከሻቸው ተሸክመው የሰፈሩን መንገድ ያመላለሱ ቃለአብ ነበሩና፣ ናሆም አፋቸውን የፈቱት የወንድማቸውን ስም እየጠሩ ነው።

ቃለአብ የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በዲኬተር አካባቢ በሚገኙ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ተከታትለዋል። በሒሳብ ጎበዝ፣ በመዝሙር ደግሞ፣ እውነቱን እንናገርና፣ ድምፃቸው ሻካራ ስለ ነበር የሰንበት ትምህርት ቤት መምህራቸው ከኋላ ረድፍ አቁመው አፋቸውን ብቻ እንዲያንቀሳቅሱ ይመክሯቸው ነበር። አንድ ቀን ጠዋት የትምህርት ቤቱ አውቶቡስ ጥሏቸው ሲሄድ ሦስት መንገድ አቋርጠው በሩጫ ከፊቱ ሲቆሙበት የትምህርት ቤቱ አሠልጣኝ ከመኪናቸው ሆነው ተመለከቱ፤ በዚያው ሳምንት ራስ ቁር አስደፏቸው። አባታቸው አቶ ሕሩይ ነገሩን ሲሰሙ "ጨዋታ ከሆነ ራስ ቁሩ ለምን አስፈለገ?" ብለው ጠየቁ። አሠልጣኙም ራስ ቁሩ እጅግ ጠንካራ መሆኑን በትዕግሥት አስረዷቸው፤ አባትየው ግን ያልጠየቁት ጥያቄ እንደ ተመለሰላቸው ቆጥረው አንገታቸውን እየነቀነቁ ወደ ሥራቸው ሄዱ።

ይህን የአሜሪካ ፉትቦል የሚሉትን ጨዋታ ለማታውቁ እናቶችና አባቶች አቶ ቃለአብ ምን ይሠሩ እንደ ነበር ባጭሩ ብንናገር አይከፋም። ሥራቸው ኳሷን ይዞ የሚሮጠውን ሰው ይዞ መሬት ላይ መጣል ነው። ሌሎቹ ፊት ለፊት ተደርድረው ሲተናነቁ እርሳቸው ከሁሉም ኋላ ብቻቸውን ይቆማሉ፤ የፊተኞቹን ሁሉ ጥሶ ያለፈውን ሰው ከእርሳቸው በቀር የሚያስቆመው የለም። ይህንን ቦታ ሴፍቲ ይሉታል፤ ደኅንነት ማለታቸው ነው እንግዲህ። ከሩቅ ቆመው ስለሚጠብቁ ከሩቅ ተንደርድረው ነው የሚጋጩት፣ ከሩቅ የተንደረደረ ሰው ደግሞ ሲጋጭ ድምፁ እስከ መቀመጫዎቹ ጫፍ ይሰማል። ገና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳሉ አንድ አሠልጣኝ "ቃለአብ የመታው ልጅ የገዛ ስሙን ይረሳል" ብለው በሰው ፊት አሞገሷቸው፤ እኛም ሙገሳውን ተርጉመን በየቤቱ አወራነው።

በዚህም ሁኔታ ትምህርታቸውን በክብር አጠናቀው፣ የጎረቤት ክፍለ ሀገር ዩኒቨርሲቲ ሙሉ ወጪያቸውን ችሎ ተቀበላቸውና በሲቪል ምሕንድስና ተመረቁ። በ2007 ዓ.ም. ከሰሜን ከተሞች ባንዱ የሚገኝ ክለብ ክለቦች አዳዲስ ተጫዋቾችን በየተራ በሚመርጡበት ሥነ ሥርዓት በአራተኛው ዙር ስማቸውን ሲጠራ፣ በቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ የነበረውን ሆታ የሚያስታውስ ያስታውሰዋል። ከዚያች ቀን ጀምሮ ከዲኬተር እስከ ዱሉዝ ያለ ሐበሻ ሁሉ ዘመዳቸው ሆነ፤ ስማቸውን እንኳ አጣርቶ የማያውቅ ሰው የክርስትና አባታቸው ነኝ እያለ የመግቢያ ቲኬት ይጠይቃቸው ጀመር። እርሳቸውም እንቢ ማለት አያውቁበትም ነበርና የክርስትና አባቶቻቸውን ሁሉ በየተራ አስገቡ።

በ2010 ዓ.ም. ኅዳር ወር አንድ እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ አብዛኞቻችን በአዳራሹ ትልቅ ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጠን ጨዋታቸውን እንመለከት ነበር። ኳሷን ይዞ በጎን ያመለጠ አንድ ግዙፍ ሰው ወደ መስመሩ ሲከንፍ፣ ቃለአብ ከሩቅ ተንደርድረው መጡና ራስ ለራስ ተጋጩ። ሰውየው ወደቀ። ቃለአብም ወደቁ፤ አንድ ክንዳቸው ወደ ላይ ቀጥ ብሎ ጣቶቻቸው ተገትረው ቀሩ። ወይዘሮ አፀደ ከወንበራቸው ወርደው በቴሌቪዥኑ ፊት ተንበረከኩና "መድኃኔዓለም፣ ልጄን አስነሣልኝ! አንድ ጥላ አለብኝ፤ አሁን ካስነሣህልኝ ሁለት አድርጌ አገባለሁ!" ብለው ጮኹ። ቃሉ ከአፋቸው እንደ ወጣ ቃለአብ ተገላበጡ፣ በጉልበታቸው ቆሙ፣ ተነሡ። አዳራሹ በእልልታ ተናወጠ። እርሳቸውም ጥቂት ዐርፈው ወደ ሜዳ ተመለሱና የተጋጣሚን ኳስ ከአየር ላይ ነጥቀው ክለባቸውን አሸናፊ አደረጉ።

ለዓመት በዓሉ ሁለት ጥላ ገባ። የልጁ አነሣሥ እንደ ተአምር ከአንዱ ወደ ሌላው እየተነገረ ቻርሎት ድረስ ደረሰ፤ ከዚያም በኋላ ወይዘሮ አፀደ ልጃቸው በወደቁ ቁጥር ይሳሉ፣ ልጃቸውም በተሳሉላቸው ቁጥር ይነሡ ጀመር። አንዴ ምንጣፍ፣ አንዴ መጋረጃ፣ አንዴ ከወገባቸው ከፍ የሚል ሻማ። ሌሎች እናቶችም ለራሳቸው ጭንቅ "እንደ አፀደ ልጅ አስነሣልኝ" እያሉ መሳል ያዙ። ቃለአብ የቤተ ክርስቲያናችንን ግማሽ ዕቃ በወደቁበት ልክ አሟሉት ብንል ያጋነንን አይመስለንም።

በ2011 ዓ.ም. በፋርማሲ ሙያ ከተመረቁት ከወይዘሮ ሉሊት ሰርፀ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ጋብቻቸውን ፈጽመው፣ እየሩሳሌምንና ቅድስትን አፍርተዋል። ቃለአብ ለሚስታቸው ገር፣ ለልጆቻቸው የሚሳሱ፣ ቤት ውስጥ ድምፃቸው የማይሰማ ሰው ነበሩ። ሴት ልጆቻቸውን ሹሩባ ለመሥራት ተምረው፣ ያ ሁሉ ሰው የጣለ እጃቸው ቀጭን ጉንጉን ሲጎነጉን ያየ ሰው ሳይስቅ አያልፍም ነበር። ወላጆቻቸውንም በዱሉዝ ከቤታቸው አጠገብ አኑረው ጦረዋል።

ጋብቻቸው አራተኛ ዓመቱን ሳይይዝ ግን ለወይዘሮ ሉሊት አንድ ነገር ነገሯቸው። ስለዚያች የኅዳር እሑድ ሰዎች ደጋግመው ሲያነሡባቸው ፈገግ ይሉ የነበረው ለወጉ ያህል ነው እንጂ፣ መጋጨቱንም፣ መነሣቱንም፣ ኳሷን መንጠቃቸውንም አያስታውሱም ነበር። "እኔ እኮ ሁሉንም ቲቪ ላይ ነው ያየሁት። እኔ አልተነሣሁም፣ ሉሊት፤ ሰውነቴ ብቻውን ነው የተነሣው" አሏቸው። ያቺ ቀን ብቻዋንም አልነበረችም፤ ሌሎች የማያስታውሷቸው ቀኖችም ነበሩ። ወይዘሮ ሉሊት ከዚያ ቀን ወዲህ ጨዋታ ማየት አቆሙ፤ ምክንያቱን የሚጠይቋቸውንም ሥራ በዛብኝ እያሉ ይሸኙ ነበር።

አቶ ቃለአብ በሁለት ክለቦች ዘጠኝ የውድድር ዘመን ከተጫወቱ በኋላ በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጫማቸውን ሰቀሉ። ከጓደኛቸው ከአቶ ዳኛቸው ጋር አነስተኛ የግንባታ ድርጅት አቋቁመው ለጥቂት ዓመታት በደኅና ሠሩ። በ2018 ዓ.ም. አባታቸውን አቶ ሕሩይን በሞት ተነጠቁ፤ በዚያ ሐዘን ሰሞን ነው አንድ ነገር እንደ ተለወጠ ቤተሰቡ ያስተዋለው። ለቅሶ የደረሷቸውን ሰዎች በማግስቱ ለምን አልመጡም ብለው ይቀየሟቸው ነበር። በኋላም ከቤተ ክርስቲያን ወደ ቤታቸው የሚወስደውን መንገድ እየሳቱ አውራ ጎዳና ዳር መኪናቸውን አቁመው ለሚስታቸው ይደውሉ ጀመር። ብርሃን ያማቸው ስለ ነበር በምድር ቤቱ ክፍል መጋረጃ ዘግተው ይውሉ ነበር። ድምፃቸው የማይሰማው ሰው በር ሰበሩ፤ የሰበሩትንም በር ጠዋት አይተው ማን እንደ ሰበረው ጠየቁ። ትንሿ ልጃቸው ቅድስት እኔ ነኝ ብላ ዋሸች፤ ስምንት ዓመቷ ነበር።

በዚህ ጊዜ በመካከላችን ስንት ዓይነት ነገር እንደ ተባለ ዛሬ በሬሳቸው ፊት መደበቅ አይገባም። ጥጋብ ነው ያለ ነበር። መጠጥ ነው ያለ ነበር፤ እርሳቸው ግን ጠላ እንኳ የማይቀምሱ ነበሩ። ያ ሁሉ ሰው በቴሌቪዥን ሲያያቸው ኖሮ ዓይን በላቸው ያሉም አልጠፉም። የቲኬት ጊዜ የክርስትና አባት የነበሩት ሁሉ በቤተ ክርስቲያን ግቢ ሲያገኟቸው መንገድ ይቀይሩ ጀመር። ቃለአብም ይህንን ያዩ ነበር፤ ሌላውን ሁሉ ሲረሱ ይህችን አልረሷትም። ወይዘሮ አፀደ ልጃቸውን ጸበል አስጠመቋቸው፣ ሱባኤ ያዙላቸው፤ ጥቂት ሰላም የሚያገኙት በነዚያ ቀናት ነበርና ቤተሰቡ ለአባቶች ምስጋናው የላቀ ነው።

ከሦስት ዓመት በፊት የአእምሮ ሐኪሞች ዘንድ ቀርበው ረጅም ምርመራ ተደረገላቸው። ሐኪሞቹም ሕመሙ ለዓመታት በራሳቸው ላይ በተደራረበ ምት የመጣ መሆኑን እንደሚጠረጥሩ፣ በእርግጠኝነት ማወቅ የሚቻለው ግን ከሞት በኋላ ብቻ መሆኑን፣ የሚያድን መድኃኒትም እንደሌለው ነገሯቸው። ወይዘሮ አፀደ አጠገባቸው ተቀምጠው ስለ ነበር ወይዘሮ ሉሊት እየተረጎሙ አሰሟቸው። ከተተረጎሙት ቃላት መካከል አንዱ፣ ሰው እንደዚያ ሲወድቅ ተኝቶ መቆየትና ከዚያም ለብዙ ቀን ከሜዳ መራቅ እንደሚገባው፣ የጎዳቸውም አንዱ ነገር ሳያገግሙ ተነሥተው ወደ ግጭቱ መመለሳቸው እንደ ሆነ ይገልጽ ነበር። እናትየው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው "እኔ ነኝ ያስነሣሁት" አሉ። ቃለአብ እጃቸውን ይዘው "እማዬ፣ አንቺ ምን ታደርጊ፤ አሠልጣኙም ነው፣ እኔም ነኝ" አሏቸው። አላመኗቸውም።

እንግዲህ ወደ ታናሽ ወንድማቸው ወደ ናሆም እንመለስ። ናሆም በታላቅ ወንድማቸው እጅ አድገው፣ በታላቅ ወንድማቸው ሠልጥነው፣ ያንኑ ከኋላ የሚቆሙበትን ቦታ ይዘው ከ2019 ዓ.ም. ጀምሮ በምዕራብ ባለ ክለብ ይጫወታሉ። ትከሻቸውን እንዴት ዝቅ አድርገው እንደሚገቡ በዱሉዝ ቤት ጓሮ ያስተማሯቸው ቃለአብ ናቸው። ቃለአብ ሕመማቸውን ካወቁ በኋላ ግን የቀረ ጉልበታቸውን በሙሉ በአንድ ነገር ላይ አዋሉት፤ እርሱም ወንድማቸውን ከዚያ ሜዳ ማውጣት ነበር። መድኃኒታቸውን መውሰድ የሚረሱት ሰው ሰኞ ሰኞ ለናሆም መደወልን አልረሱም። እሑድ ማንን እንደ ጣሉ፣ በስንት ለስንት እንደ ተሸነፉ፣ ጠዋት ምን እንደ በሉ ይጠይቋቸዋል፤ ናሆምም "ብሮ፣ ፋይን ነኝ፤ ፕሊዝ ስትሬስ አታድርገኝ" እያሉ ይመልሳሉ። የኮንትራታቸው ዘመን ሊያልቅ አንድ ዓመት ብቻ ቀርቶት ነበርና፣ አንድ ዓመት ምን አላት ይሉ ነበር።

ባለፈው ክረምት መውጫ ከነዚህ ሰኞዎች በአንደኛው፣ ቃለአብ ስልኩን ዘግተው ወደ ሚስታቸው መጡና ተቀመጡ። ናሆም በዚያ አጭር ንግግር መካከል ስለ እናታቸው ጤና ጠይቀው፣ መልስ ሰምተው፣ ቆይተው ያንኑ ጥያቄ እንደ አዲስ ጠይቀዋቸው ነበር። ማናችንም ብንሆን ይህን ልብ አንለውም ነበር። ቃለአብ ግን ያንን መንገድ በእግራቸው ሄደውበታልና፣ ወንድማቸው በየትኛው ምዕራፍ ላይ እንደ ደረሱ ወዲያው ዐወቁ። "ጀመረው" አሉ።

በዚያው ሳምንት ወደ እናታቸው ቤት ሄደው፣ ደኅና በሆኑበት በአንድ ረፋድ፣ እንዲህ ሲሉ ለመኗቸው፦ "እማዬ፣ እኔ ነግሬዋለሁ፤ ሉሊት ነግራዋለች፤ ዳኛቸው ነግሮታል። አይሰማም። የሚሰማሽ መድኃኔዓለም ነው። ለእኔ የተሳልሽው ሁሉ ሰምሮልሻል። አሁን ለናሆም ተሳይልኝ፤ እግሩን ይስበርለት። እግር ይጠገናል።"

ወይዘሮ አፀደ ከተቀመጡበት ተነሡ። በሕይወታቸው ሙሉ ልጆቻቸውን በቁጣ እንኳ እግርህ ይሰበር ብለው የማያውቁ እናት፣ ይህንን በእግዚአብሔር ፊት ቆመው እንዲለምኑ በገዛ ልጃቸው ሲጠየቁ ምን እንደ ተሰማቸው እናት የሆነች ሁሉ ታውቀዋለች። "ወልጄ፣ አጥብቼ፣ አሳድጌ፣ እግሩ ይሰበር ልበል? ልቡናህን ያጣኸው አሁን ነው!" ብለው ጮኹባቸው። ቃለአብ አልተቆጡም፤ "እሺ፣ እማዬ" ብለው ወጡ። ከዚያ ቀን በኋላ ግን እናታቸውን ባገኙ ቁጥር፣ በደጀ ሰላምም፣ በገበያም፣ በምግብ ላይም፣ "ተሳልሽ?" እያሉ ይጠይቋቸው ነበር። መጠየቃቸውን ይረሱ ይሆናል፤ ጥያቄውን ግን አልረሱም። ወይዘሮ አፀደ ልጃቸውን መሸሽ ጀመሩ፤ እኚያ እናት፣ እኚያን ልጅ።

ባለፈው እሑድ፣ መስቀል በተከበረ ማግስት፣ አቶ ቃለአብ በምድር ቤት ክፍላቸው የናሆምን ጨዋታ ይመለከቱ ነበር። ከቀትር በኋላ ናሆም ከአንድ ተጫዋች ጋር ተጋጭተው ወደቁ፤ ጥቂት ቆይተውም ተነሡ፤ ወደ ሜዳም ተመለሱ። ቃለአብ ይህን እንዳዩ የእናታቸውን ስም እየጠሩ ደረጃውን በሩጫ ሲወጡ አዳለጣቸውና ከላይኛው ደረጃ ወደ ኋላ ወደቁ። ወይዘሮ ሉሊትና ልጆቻቸው ደርሰው ሐኪም ቤት ቢያደርሷቸውም፣ በራሳቸው ውስጥ ብዙ ደም ፈስሶ ስለ ነበር አልነቁም። ናሆም ማክሰኞ ዕለት ደርሰው በመተላለፊያው ላይ ሲንጎራደዱ፣ የወንድማቸውን ክፍል ለሰዎች ደጋግመው ይጠይቁ ነበር። ሐዘን ነው አልን፤ ሐዘን ቢሆን ደስ ባለን።

ወይዘሮ አፀደ በአልጋው ራስጌ ተቀምጠው ነበር። ክፍሉን የሞላን ዘመድ ወዳጆች ሁላችን አፋቸውን እንጠብቅ ነበር። አስነሣልኝ የሚለው የእናት ቃል ስንት ጊዜ ሲሰማ አይተናልና ዛሬስ ለምን ዝም አሉ ስንል፣ ተነሥተው ወደ ምሥራቅ ዞሩ፤ ድምፃቸውንም ከፍ አድርገው ተሳሉ። የተሳሉት ግን ተኝተው ስለነበሩት ልጃቸው አልነበረም። "መድኃኔዓለም፣ ይኸኛውን ዐሥሬ አስነሥቼዋለሁ፤ አሁን ተወው፣ ይተኛልኝ። የናሆምን እግር ስበርልኝ። ራሱን ተውልኝ፣ እግሩን ውሰድ" አሉ። ከዚያም ወደ ቃለአብ ጆሮ ጎንበስ ብለው "ተሳልኩ፣ ልጄ" አሏቸው። አቶ ቃለአብ በማግስቱ ረቡዕ ረፋድ ላይ፣ በተወለዱ በአርባ አንድ ዓመታቸው፣ ከዚህ ዓለም ድካም በሞት ተለዩ።

ሐሙስ ዕለት በለቅሶው ቤት፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ ወይዘሮ አፀደ ናሆምን ፊታቸው አስቁመው ምን እንደ ተሳሉባቸው ነገሯቸው። ናሆም አለቀሱ፣ የእናታቸውንም ጉልበት ሳሙ። ካለቀሱ በኋላ ግን "እማዬ፣ እሑድ ፕሌይ ማድረግ አለብኝ። ለቃለአብ ብዬ ነው የምጫወተው፤ ስሙን ጫማዬ ላይ ጽፌዋለሁ" አሉ። ይህንን የመጨረሻውን ክፍል እናንብብ ወይስ እንተወው በሚለው ላይ ቤተሰቡ አልተስማማም ነበር፤ ይነበብ ብለው የቆረጡት እናታቸው ናቸው።

አቶ ቃለአብ ሕሩይ ባለቤታቸውን ወይዘሮ ሉሊት ሰርፀን፣ ልጆቻቸውን እየሩሳሌም ቃለአብንና ቅድስት ቃለአብን፣ እናታቸውን ወይዘሮ አፀደ ይገዙን፣ የሙያ አጋራቸውን አቶ ዳኛቸውን፣ እንዲሁም ታናሽ ወንድማቸውን አቶ ናሆም ሕሩይን ትተው አልፈዋል። አቶ ናሆም የወንድማቸውን ሣጥን ከፊት በኩል ተሸክመው ያስገቡት ናቸው፤ ከቀብር በኋላ ወደ አውሮፕላን ማረፊያ እንደሚሄዱና ነገ እንደሚሰለፉ ክለባቸው አስታውቋል።

የነፍስና የሥጋ ጌታ የወንድማችንን የአቶ ቃለአብን ነፍስ ሩጫና ግጭት በሌለበት፣ ራስ በማይታመምበት፣ ሰው የገዛ ስሙን በማይረሳበት በአብርሃም ዕቅፍ ያሳርፍልን። ለወይዘሮ ሉሊትና ለልጆቻቸው መጽናናትን ይስጥልን። የእናታቸውን የወይዘሮ አፀደንም ስለት፣ ልጃቸው ናሆም እዚሁ በፊታችን ቆመው እየሰሙ፣ መድኃኔዓለም ነገውኑ ይስማልን፤ አሜን በሉ።